ባዶ ቤትዎ በእድሳት ላይ እያለ ሌባ እንዳይገባበት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተከራይ ወጥቷል። ቤቱ ባዶ ነው። ግድግዳው ተፍቆ ቀለም ይጠብቃል፣ በየጥጉ ባልዲና ሲሚንቶ ተከምሯል። በዚህ ጊዜ አከራይ የሚያስበው ሥራው መቼ እንደሚያልቅና ወጪው የት እንደሚደርስ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የሰማሁት የውሃ ድምፅ ነው። ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር የነበረው የመዳብ ቧንቧ ተቆርጦ ተወስዷል። ውሃው ሌሊቱን ሲፈስ አድሮ አዲሱን የእንጨት ወለል አሳብጦታል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ከግድግዳው ተመዞ ወጥቷል፤ ልስኑም ከማብሪያ ማጥፊያው እስከ ጣሪያው ተሰንጥቋል። ሌባው የወሰደው መዳብ ቢመዘን ጥቂት ኪሎ ነው። እኛ ግን የሳምንታት ሥራ እንደገና ጀመርን።

ከሁሉ በላይ የከነከነኝ የተሰበረ በርም መስኮትም አለመኖሩ ነው። ሰውዬው በእኛው መሰላል ወጥቶ፣ ቀለም ይድረቅ ተብሎ ክፍት በተተወው የፎቅ መስኮት ገባ። ቧንቧውንም የቆረጠው በእኛው መጋዝ ነው። መንገዱን የጠረግንለት እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ ያስተዋልኳቸውን ስህተቶች ልንገርዎት።

ቁልፍ እንደ ጠዋት ሰላምታ ማደል

እድሳት ላይ ስንት ሰው ይገባል? ቀለም ቀቢው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሻኑ፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ የእያንዳንዳቸው ረዳት። ለሁሉም በር ለመክፈት መመላለስ ስለሚያደክም ቁልፍ እናስቀርጻለን። ኮፒው ኮፒ ይወልዳል። ከወር በኋላ ስንት ቁልፍ ውጭ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሠራተኛው ሁሉ ይጠረጠራል ማለቴ አይደለም። ከእኔ ጋር የሠሩት አብዛኞቹ እንጀራቸውን የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ግን ቁልፍ ከኪስ ይወድቃል፣ መኪና ውስጥ ይረሳል፣ ሥራውን አቋርጦ በሄደ ረዳት እጅ ይቀራል። ስለዚህ ሥራው ሲጀመር የበሩን ሲሊንደር፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትን የመቆለፊያውን ክፍል፣ በርካሽ ጊዜያዊ ሲሊንደር ይቀይሩ። ዋናውን አስቀምጠው ሥራው ሲያልቅ ይመልሱት። ያን ቀን ውጭ የቀረው ቁልፍ ሁሉ ብረት ብቻ ይሆናል። ቁልፉን የሚይዘውም አንድ ሰው ይሁን፤ ፎርማኑ ወይም እርስዎ። በኮድ የሚከፈት የቁልፍ ሳጥን የሚጠቀሙ ከሆነ አንድ ቡድን ሥራውን ጨርሶ በወጣ ቁጥር ኮዱን ይለውጡ። ምንጣፍ ሥርና ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ የሚደበቅ ቁልፍ ግን ሌባው መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ ነው ያለው።

መሰላሉንና መሣሪያውን ጥሎ መሄድ

ይህን በራሴ ስላየሁት አጥብቄ እናገራለሁ። ሠራተኞች ነገ ተመልሰን እንመጣለን ብለው ግራይንደሩን፣ ድሪሉን፣ መጋዙን ወለሉ ላይ ይተዋሉ። ለሌባ ሁለት ጥቅም ነው። ዕቃውን ይሸጠዋል፤ ከመሸጡ በፊት ደግሞ የተቆለፈውን ክፍል ይከፍትበታል። ማታ መሣሪያ ሁሉ ከሠራተኛው ጋር ይውጣ። ካልተቻለ መስኮት በሌለው አንድ ክፍል ውስጥ ጠንካራ በር ገጥመው ይቆልፉበት።

መሰላል ወደ ውስጥ ይግባ። ረዝሞ የማይገባ ከሆነ ወለል ላይ አጋድመው ከቋሚ ብረት ጋር በሰንሰለትና በጓጉንቸር ይሰሩት። ቤቱ ዙሪያ መወጣጫ ከቆመ ደግሞ የፎቅ መስኮት ሁሉ እንደ ምድር ቤት መስኮት ይቆጠራል። ከመሬት ወደ እሱ የሚያወጣውን የታችኛውን መሰላል ማታ ማታ ያስነሱ።

ውሃውንም ከዋናው መዝጊያ ዘግቶ ማደር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያን ሌሊት ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ወለሉ ይተርፍልኝ ነበር።

ዕቃ ቀድሞ ገዝቶ መከመር

ዋጋ ሳይጨምር ብለን ቦይለሩን፣ ምድጃውን፣ የመታጠቢያ ቤት ቧንቧዎቹን ሥራው ገና ሲጀመር እንገዛለን። እነሱም ከነካርቶናቸው ሳሎኑ መሀል ይቆማሉ። መጋረጃ በሌለው መስኮት ማንም መንገደኛ ያያቸዋል። ካርቶን ውስጥ ያለ ዕቃ ደግሞ ለመሸከምም ለመሸጥም ይመቻል።

ከተቻለ ዕቃው በሚገጠምበት ቀን ጠዋት ይምጣ። ሻጩ ከፍለውበት እሱ ዘንድ እንዲቆይልዎ ይጠይቁት፤ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። የመዳብ ሽቦ ጥቅል ለቀኑ ሥራ የሚበቃው ብቻ ይምጣ። የተዘረጋው ሽቦም ቶሎ በልስን ይሸፈን፣ ማብሪያ ማጥፊያው ይገጠምበት። ከግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ የሰነበተ ሽቦ ጎትቱኝ ይላል።

የባዶውን ካርቶን ነገር አይርሱ። የአዲስ ማቀዝቀዣ ካርቶን በር ላይ ከተጣለ ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለ ለሰፈሩ ተነገረ ማለት ነው። ቆራርጠው በጥቁር ላስቲክ ያውጡት። ዕቃው እንደገባም የመለያ ቁጥሩን በስልክ ፎቶ ያንሱ። ለፖሊስም ለኢንሹራንስም ያስፈልጋል።

ካሜራ ሰቅሎ መተኛት

ካሜራ ጥሩ ነው። እኔም ሰቅያለሁ። ግን እድሳት ላይ ያለ ቤት እንደ ሌላው ቤት አይደለም። ኤሌክትሪሻኑ ብሬከሩን ያጠፋዋል፣ ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። ኢንተርኔቱ ከተከራዩ ጋር ተቋርጦ ይሆናል። ልስን ሲፈገፈግ የሚነሳው አቧራ ሌንሱን ይሸፍነዋል፣ ሴንሰሩን ያሳስተዋል። በውሸት ማስጠንቀቂያ የሰለቸ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋዋል። እውነተኛው ሲመጣ ማንም አይሰማም።

ስለዚህ ባትሪ ያለውና በሲም ካርድ የሚሠራ ይምረጡ። እጅ በማይደርስበት ከፍታ፣ ወደ መግቢያው ፊቱን አዙሮ ይሰቀል። ሠራተኞች ሲወጡ በየማታው ሌንሱን ይጥረጉ፣ በስልክዎ ምስሉን ይዩ። ሠራተኞቹም ካሜራ እንዳለ ይወቁ፤ ሰውን ሳይነግሩ መቅረጽ ተገቢ አይደለም፣ በብዙ አገርም በሕግ ያስጠይቃል።

መብራትም እንዲሁ ነው። ቀንና ሌሊት የሚበራ አንድ አምፖል ሰው አለ ለማለት ታስቦ ይሆናል፤ የሚናገረው ግን ማንም እንደሌለ ነው። እንቅስቃሴ ሲያይ የሚበራ የፀሐይ ኃይል መብራት ከውጭ ይስቀሉ። የቤቱ መብራት ቢቋረጥም ይሠራል።

ጠንካራ ቁልፍ በደካማ መቃን ላይ

ውድ ቁልፍ ገዝተን የቁልፉ ምላስ የሚገባበትን ብረት በሁለት ሴንቲሜትር ብሎን እናስረዋለን። በእርግጫ ሲመታ ቁልፉ ሳይሆን መቃኑ ነው የሚሰነጠቀው። መቃኑ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከተገጠመ 75 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ብሎን ዘልቆ ምሰሶውን ይይዛል። ግድግዳው ብሎኬት ከሆነ በረጅም ፊሸር ይታሰር። ወደ ውጭ የሚከፈት በር ካለ ማጠፊያውን ይመልከቱ፤ ፒኑ ከውጭ በመዶሻ የሚወጣ ከሆነ ቁልፉ ዋጋ የለውም። ተንሸራታች በር ከሆነ ሐዲዱ ላይ የተለካ እንጨት ይጋደምበት።

መስታወት የወጣለት መስኮት በላስቲክ ብቻ አይደር። በወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሸፈን፣ ብሎኑም ከውስጥ ይታሰር። ቀን ላይ ሠራተኞች እያሉ ግን መውጫዎቹን ሁሉ እንዳይዘጉ አደራ። እሳት ቢነሳ ሰው መሮጫ ያስፈልገዋል።

ባዶነቱን ማወጅ

ሥራው ሳያልቅ ተከራይ ለማግኘት ቸኩለን ማስታወቂያ እናወጣለን። የአዲሱ ወጥ ቤት ፎቶ፣ ትክክለኛው አድራሻ፣ ከሥሩ “አሁን ባዶ ነው” የሚል። ይህ ሌባ ብቻ አይደለም የሚጠራው። ቤቱን የራሱ አስመስሎ ለሌላ የሚያከራይ አጭበርባሪም ፎቶውን ይወስዳል። ሰፈሩን ብቻ ይጻፉ፤ አድራሻውን ደውሎ ማንነቱን ለነገረዎ ሰው ይስጡ።

ጎረቤትን አለማናገር

ጎረቤት ሌሊት የመዶሻ ድምፅ ቢሰማ እድሳት ነው ብሎ ይተኛል። የሥራው ሰዓት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ይንገሩት፣ ስልክዎን ይስጡት። ከሰዓት ውጭ ድምፅ ከሰማ ይደውልልዎታል።

እርስዎም ብቅ ይበሉ፤ ግን ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት አይሁን። ደርሰው በሩ ተከፍቶ ካገኙት ብቻዎን አይግቡ። ሌባው ገና ውስጥ ሊሆን ይችላል። ራቅ ብለው ፖሊስ ይጥሩ።

የኢንሹራንስ ውሉን አለማንበብ

በብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ላይ ቤቱ ለተከታታይ 30 ወይም 60 ቀን ሰው ካልኖረበት የስርቆት ሽፋኑ እንደሚቀንስ ወይም እንደሚቋረጥ የሚገልጽ አንቀጽ አለ። እድሳት ደግሞ ሁልጊዜ ከታሰበው በላይ ይረዝማል። ሥራው ሳይጀመር ደውለው ያሳውቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ሥራው አለቀ ብሎ መዘናጋት

ቀለም ቀቢው ባልዲውን ይዞ ይወጣል። ቤቱ ያብረቀርቃል። ቦይለሩ አዲስ፣ ምድጃው አዲስ፣ ቧንቧው አዲስ። ቀን ይገባ ይወጣ የነበረው ሠራተኛ ግን የለም፣ ተከራይም ገና አልገባም። እኔን በጣም የሚያስፈሩኝ እነዚህ ሌሊቶች ናቸው። መጋረጃ ይስቀሉ። በር ላይ የቀረውን አሸዋና ፍርስራሽ ያስጠርጉ። ከተቻለ እርስዎ ወይም የሚያምኑት ዘመድ ፍራሽ ዘርግታችሁ እደሩበት። አዲሱ ተከራይ ቁልፍ ሊቀበል በመጣ ቀንም ጊዜያዊውን ሲሊንደር ዓይኑ እያየ አውጥተው ዋናውን ይግጠሙለት።