ትንሽ የሐይቅ ዳር ከተማ ለማየት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከስህተቶች ሁሉ የሚከፋው ረፋድ ላይ ደርሶ ከሰዓት በኋላ መመለስ ነው። እንዲህ ያለው ጉዞ ጎብኚውንም ከተማዋንም ይጎዳል። የኦስትሪያዋ ሃልሽታት ነዋሪዎች 800 እንኳ አይሞሉም፤ በበጋ ግን በየቀኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እየመጡ፣ አንዲት ቦታ ላይ ተጋፍተው ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. ጫጫታውን ለመቀነስ ሲባል እዚያው ቦታ ላይ ተራራውን የሚጋርድ የእንጨት አጥር እስከ መቆም ተደርሶ ነበር። አጥሩ ብዙ ሳይቆይ ቢነሳም የነዋሪውን ምሬት ለማሳየት በቂ ነው።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደሩ። ማለዳ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ውሃው እንደ መስተዋት ይረጋል፤ ተራራው ተገልብጦ ይታይበታል። የታሰረችው ጀልባ ገመድ ገና በጤዛ እንደራሰ ነው፤ ከሩቅ የአንድ መቅዘፊያ ድምፅ ይሰማል። ይህን ሰዓት ያላየ ሰው ሐይቁን አየሁ ማለቱ ይከብደኛል።

ሁለተኛው ስህተት ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች አለመጠየቅ ነው። ሃልሽታትን ያቆማት ከበላይዋ ካለው ተራራ የሚወጣው ጨው ነው። የጨው ማዕድኑ ኃላፊ የነበረው ዮሃን ጌዮርግ ራምዛወር ከ1846 ጀምሮ ጥንታዊ መቃብሮችን እየቆፈረ ያወጣው ቅርስ ከመብዛቱ የተነሳ፣ የመካከለኛው አውሮፓ የመጀመሪያው የብረት ዘመን በከተማዋ ስም ተጠርቷል። በተራራውና በሐይቁ መካከል ያለው መሬት ጠባብ በመሆኑም ለሙታን እንኳ ቦታ አልበቃም። የቆየ አጽም ይወጣና መቃብሩ ለሌላ ሟች ይለቀቅ ነበር። የወጣው የራስ ቅል ከነጣ በኋላ ግንባሩ ላይ የሟቹ ስም ይጻፍበት፣ ዙሪያውንም የአበባ ወይም የቅጠል ጉንጉን ይሳልበት ነበር። እንዲህ የተሳሉ ከ600 በላይ የራስ ቅሎች ዛሬም በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ዘመድ ከዘመዱ ጎን፣ ተደርድረው ይገኛሉ። እነዚያን ስሞች አንብቦ የወጣ ሰው ያንኑ ሐይቅ በሌላ ዓይን ያየዋል። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ ሙዚየሙና ወደዚያች ክፍል፣ ከዚያ ወደ ውሃው ይሂዱ የምለው።

የሰሜን መቄዶንያዋ ኦህሪድም እንዲሁ ናት። ዩኔስኮ በ1979 ሐይቁን መዘገበ፤ በማግስቱ ዓመት የከተማዋን ታሪክ ጨመረበት። ከ1 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ሐይቅና የስላቭ ሕዝቦች መምህር የነበረው ቅዱስ ክሌመንት በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የመጣባትን ከተማ ለያይቶ ማየት ግማሹን መተው ነው።

ሦስተኛው ስህተት ከሰዓት በኋላ በትንሽ ጀልባ መሳፈር ነው። ፀሐይ የብሱን ከውሃው ቀድማ ታሞቀዋለች፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ በምትኩ ከሐይቁ ነፋስ ይነሳል። የጣሊያኑ ጋርዳ ሐይቅ ሰዎች ለየነፋሱ ስም አውጥተዋል፤ ማለዳ ከሰሜን የሚነፍሰው ፔሌር፣ ከሰዓት በኋላ ከደቡብ የሚነፍሰው ኦራ ይባላል። በጓቲማላው አቲትላን ደግሞ ከቀትር በኋላ ሾኮሚል የሚባል ነፋስ ተነስቶ ውሃውን ያናውጠዋል። ማለዳ ወጥተው ከቀትር በፊት ይመለሱ። ጉዞው አጭር ቢሆንም የሕይወት አድን ጃኬት ይልበሱ። ቀዛፊው ዛሬ አይሆንም ካለዎት ገንዘብ ጨምረው አይለምኑት፤ ሐይቁን ከእርስዎ በላይ እሱ ያውቀዋል።

አራተኛው፣ በውሃው ውበት ተማርኮ ዘሎ መግባት ነው። ላዩ የሞቀ ሐይቅ ጥቂት ወረድ ሲሉ እንደ በረዶ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ውሃ ድንገት ሲነካዎት ሳይወዱ በግድ አየር ይስባሉ፤ አፍዎ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይገባል። ጎበዝ ዋናተኞች ሳይቀሩ የሚሰምጡት በዚህ ነው። ቀስ ብለው ይግቡ፤ ድንገት ከወደቁም ለመዋኘት አይታገሉ፤ ትንፋሽዎ እስኪረጋ በጀርባዎ ይንሳፈፉ። በሞቃት አገሮች ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። እንደ ማላዊ ሐይቅ ባሉ ቦታዎች ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሣር በበዛበት ረጋ ያለ ዳርቻ ይኖራሉ። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ቆዳ ሰንጥቆ ስለሚገባ ውሃውን አለመጠጣት ብቻ አይበቃም። ገብተው ከነበረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። ቀለም የፈሰሰበት የሚመስል አረንጓዴ አረፋ ካዩ ግን መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ልጅዎንም ውሻዎንም ያርቁ።

ከፍታንም አይናቁ። በፔሩና በቦሊቪያ ድንበር ላይ ያለው ቲቲካካ ሐይቅ ከባሕር ጠለል በላይ 3,812 ሜትር ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ማረፍ ይገባል።

በመጨረሻ፣ የመመለሻዋን ጀልባ ሰዓት ሳይጠይቁ ከወደቡ አይራቁ። የሃልሽታት ባቡር ጣቢያ ከከተማዋ ማዶ፣ ከሐይቁ ባሻገር ነው፤ የምታሻግረዋ ጀልባ የምትሠራው ባቡሮቹን ተከትላ ስለሆነ ማታ አትገኝም።