ዝቃጩ አልቀመጥ፣ ተንሳፋፊው አልነሳ ሲል፦ የማዝቀጫና የማንሳፈፊያ ገንዳ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ከማዝቀጫ ገንዳው የሚወጣው ውሃ ሲደፈርስ ብዙ ኦፕሬተር መጀመሪያ የሚነካው የአሉም (ደቃቅ ቅንጣቶችን የሚያሰባስበው ኬሚካል) ፓምፑን ነው። ይህ ልማድ ኬሚካል ያባክናል፣ አንዳንዴም ችግሩን ያባብሰዋል። ፓምፑን ከመንካትዎ በፊት ከፍሎክ ማሰባሰቢያው (ደቃቅ ቅንጣቶች ተጣብቀው ፍሎክ የሚባለውን ጓል ከሚሰሩበት ክፍል) መጨረሻ አንድ ሊትር ውሃ በብርጭቆ ሲሊንደር ይቅዱና 30 ደቂቃ ሳይነቀነቅ ያስቀምጡት። ቀስ ብለው ይቅዱ፤ በፓምፕ ወይም በቀጭን ቱቦ ከተሳበ ፍሎኩ ተሰባብሮ ያሳስትዎታል።

በሲሊንደሩ ካልጠራ ጥፋቱ ከገንዳው በፊት፣ ከኬሚካሉ ወይም ከቅልቅሉ ነው። በሲሊንደሩ ጠርቶ በገንዳው እየደፈረሰ ከሆነ ግን ኬሚካሉ ስራውን ሰርቷል፤ ጥፋቱን ገንዳው ውስጥ ይፈልጉ።

በሲሊንደሩም አይጠራም

የውሃው ቀለም ጭጋግ መስሎ ቀርቶ ፍሎክ በዓይን የማይታይ ከሆነ ደቃቆቹ ቅንጣቶች አልተሰባሰቡም ማለት ነው። የሸክላ ቅንጣቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። መጠናቸው ማነሱም ይጎዳል፤ የቅንጣቱ ውፍረት በግማሽ ሲያንስ የሚሰምጥበት ፍጥነት በአራት እጥፍ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ፒኤች (የውሃውን አሲድነት) ይለኩ። አሉም በደንብ የሚሰራው ከ6 እስከ 7.5 ባለው ክልል ነው። ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ የወንዝ ውሃ ድፍርስነቱ ሲጨምር አልካሊኒቲው (አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ብዙ ጊዜ ይወርዳል፤ ኦፕሬተሩ አሉም የሚጨምረውም ያኔ ነው። አንድ ሚሊግራም አሉም ግማሽ ሚሊግራም ገደማ አልካሊኒቲ (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ) ይበላል። ጥሬ ውሃው በሊትር 20 ሚሊግራም አልካሊኒቲ ኖሮት 50 ሚሊግራም አሉም ቢጨመርበት የሚፈለገው 25 ስለሆነ አይበቃውም፤ ፒኤቹ ይወድቅና አሉሚኒየሙ ፍሎክ ሳይሆን ሟሙቶ ይቀራል። መፍትሄው ከአሉሙ በፊት ኖራ ወይም ሶዳ አሽ መጨመር ነው።

ፒኤቹ ደህና ከሆነ ጃር ቴስት (የተለያየ የአሉም መጠን በጃሮች መሞከር) ይስሩ። 10 ግራም አሉም በአንድ ሊትር ውሃ ያሟሙ፤ ከዚህ አንድ ሚሊሊትር በአንድ ሊትር ጥሬ ውሃ ላይ ሲጨመር 10 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል። በስድስት ጃሮች 10፣ 20፣ 30 እያሉ እስከ 60 ይሂዱ። አንድ ደቂቃ በደቂቃ 100 ዙር፣ ከዚያ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በ30 ዙር ያማስሉ፤ ቀጥሎ 30 ደቂቃ ያሳርፉ። ናሙናውን ከውሃው ገጽ ጥቂት ሴንቲሜትር ዝቅ ብለው ይውሰዱ። ከሚያጠሩት ውስጥ አነስተኛውን መጠን ይምረጡ። ከ30 ሚሊግራም በኋላ ባሉት ጃሮች ውሃው እንደገና መደፍረስ ከጀመረ አይገረሙ፤ አሉም ሲበዛ የቅንጣቶቹ ቻርጅ ወደ ፖዘቲቭ ይገለበጥና መገፋፋቱ ይመለሳል።

በጃሩ ቆንጆ ፍሎክ ተሰርቶ በጣቢያው ተሰባብሮ የሚገኝ ከሆነ ምክንያቱ ግርግር ነው፦ ቶሎ የሚሽከረከር መቅዘፊያ፣ ከፍታ ላይ የሚወድቅ ውሃ ወይም ጠባብ ቦይ። ከፍሎክ ማሰባሰቢያው ወደ ገንዳው የሚሄደው ውሃ በሰከንድ ከ0.3 ሜትር እንዳይፈጥን ያድርጉ።

በሲሊንደሩ ጠርቶ በገንዳው ይደፈርሳል

የፍሰቱን መጠን ለገንዳው የላይኛ ስፋት ያካፍሉ። 30 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ገንዳ 240 ካሬ ሜትር ነው፤ በሰዓት 360 ሜትር ኩብ ከገባበት ጭነቱ በሰዓት 1.5 ሜትር ይሆናል። ለአሉም ፍሎክ የተለመደው ከ1 እስከ 2 ሜትር በሰዓት ነው። ከዚህ ካለፈ ፍሎኩ ከሚሰምጥበት ይልቅ ውሃው የሚወስድበት ፍጥነት ይበልጣል። ጥልቀቱ ስሌቱ ውስጥ እንዳልገባ ልብ ይበሉ። አሜሪካዊው መሐንዲስ አለን ሄዘን ይህን ያሳየው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም ግን ገንዳ በማጥለቅ ብቻ ውሃ አጠራለሁ የሚል ዲዛይነር አይጠፋም። ገንዳ ማስፋት ካልተቻለ በ60 ዲግሪ የተዘነበሉ ሳህኖች መግጠም የማዝቀጫ ስፋቱን ያበዛል።

ፍሎክ በአንድ ጎን ብቻ እየፈሰሰ ከሆነ የመውጫው ጠርዝ ተዛብቷል። ውሃ ልክ ለረጅም ጠርዝ አይበቃም፤ ራሱን ውሃውን ይጠቀሙ። የገንዳውን ውሃ ከጠርዙ በታች አውርደው ቀስ እያሉ ሲሞሉት መጀመሪያ የሚፈስበት ቦታ ዝቅ ያለው ነው። ብሎኖቹን አላልተው ያስተካክሉ።

ጠዋት ጥሩ የነበረ ገንዳ ከሰዓት በኋላ መጨረሻው ላይ የፍሎክ ደመና ቢያነሳ የሙቀት ልዩነት ይጠርጥሩ። የሚገባው ውሃ ገንዳ ውስጥ ካለው ከ1 ዲግሪ ባነሰ እንኳ ቢሞቅ ላይ ላዩን ተንሸራቶ ይወጣል፤ ቢቀዘቅዝ ደግሞ ወለሉን ታክኮ ሄዶ በመጨረሻው ግድግዳ ሽቅብ ይወጣል። መግቢያው ላይ ወጥ ቀዳዳዎች ያሉት መከለያ ማቆምና በዚያ ሰዓት ፍሰቱን መቀነስ ይረዳል።

ዝቃጭ ጓል በጓል እየሆነ ከአረፋ ጋር ሲነሳስ? ወለሉ ላይ ብዙ ቆይቶ በስብሶ ጋዝ አውጥቷል። በፍሳሽ ማጣሪያ ሁለተኛ ገንዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ናይትሬት ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ስለሚለወጥ ነው። ሲሊንደሩን አንድ ሁለት ሰዓት ያቆዩት፤ ሰምጦ የነበረው ዝቃጭ ከተነሳና ሲነካኩት አረፋ ለቆ መልሶ ከሰመጠ ምክንያቱ ታወቀ። ዝቃጩን ቶሎ ቶሎ ያውጡ፤ ኬሚካል እዚህ አይረዳም።

የማንሳፈፊያ ገንዳ

ይህ ገንዳ ፍሎኩን በደቃቅ የአየር አረፋ ወደ ላይ ያነሳል፤ በግፊት ታንክ ውሃ ውስጥ የሟሟው አየር በኖዝሉ (በጠባቡ መርጫ) ሲወጣ አረፋ ይሆናል። እዚህም ሲሊንደሩ ያገለግላል፤ የሚቀዳው ግን ከግፊት ታንኩ በኖዝሉ የሚወጣው ውሃ ነው። የተለመደው ግፊት ከ4 እስከ 6 ባር፣ ተመላሹ ውሃ (ጠርቶ ወደ ግፊት ታንኩ የሚመለሰው) ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ነው። ጤናማው ውሃ ወተት ይመስላል፤ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያለ ይጠራል። 50 ማይክሮሜትር የሆነ አረፋ በሰከንድ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚወጣ 35 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ሲሊንደር ለመጥራት 4 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

*በጥቂት ሰከንድ ይጠራል።* አረፋዎቹ ትላልቅ ናቸው፤ ተንሳፋፊውን ከማንሳት ይልቅ ይበጣጥሱታል። ገንዳው ላይ ውሃ የሚፈላ የሚመስልበትን ቦታ ይዩ፤ ከስሩ ያለው ኖዝል ተበልቷል ወይም ተደፍኗል። ሁሉም ቦታ ከፈላ በግፊት ታንኩ ያለው የውሃ ከፍታ ወርዶ ያልሟሟ አየር እያለፈ ሊሆን ይችላል። ሳይታይ የሚቆየው ጥፋት ከኖዝሉ በፊት በግማሽ የተዘጋ ቫልቭ ነው፦ ግፊቱ እዚያው ስለሚወድቅ አረፋው ቧንቧ ውስጥ ተፈጥሮ፣ ተቀላቅሎ፣ ወፍሮ ይደርሳል። ቫልቩን ሙሉ ይክፈቱ፤ ግፊቱ መውደቅ ያለበት ኖዝሉ ላይ ነው።

*ቀጭን ነጣ ያለ ነው።* የሟሟው አየር አንሷል። ኮምፕሬሰሩንና የግፊት መለኪያውን ይፈትሹ። ውሃው ከ10 ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅ የሚሟሟው አየር በሲሶ ገደማ ስለሚቀንስ በሙቀት ወቅት ተመላሹን ውሃ ይጨምሩ። ታንኩን መክፈት ካስፈለገ መጀመሪያ ግፊቱን ዜሮ ያድርሱ።

*ወተቱ ጥሩ ሆኖ ፍሎኩ ይሰምጣል።* ፍሎኩ ለማዝቀጫ እንደሚሰራው ተልቋል። ለማንሳፈፍ የሚፈለገው በአስር ቤት ማይክሮሜትር የሚለካ ትንሽ ፍሎክ ነው፤ የማሰባሰቢያ ጊዜው ወደ 10 ደቂቃ ቢያጥር ይበቃል። ጥሬ ውሃው ከባድ ደለል ከያዘ ግን ማስተካከያ የለውም፤ ማንሳፈፍ ለአልጌና ለቀለም እንጂ ለአፈር አይሆንም፤ ደለሉን አስቀድመው ያዝቅጡት።

*ሲገፈፍ ተሰባብሮ ይመለሳል።* መግፈፊያው ፈጥኗል፣ ጠልቋል፣ ወይም ተንሳፋፊው ሳይወፍር ተገፏል። ከማያቋርጥ እየቆየ የሚሄድ መግፈፊያ ወፍራም ዝቃጭ ይሰጣል፤ ከ2 እስከ 4 በመቶ ጠጣር የተለመደ ነው። ብዙ ከቆየ ግን አየሩ አምልጦት ይወድቃል። ክፍት ገንዳ ላይ ዝናብም ተንሳፋፊውን ስለሚሰብረው ጣሪያ ያስፈልገዋል።