«አይተበተብም» የተባለው የአሳ ማጥመጃ ሪል ያዋጣል ወይ? ከገዛችሁትስ እንዴት ታስተካክሉታላችሁ?

ጎንደር ውስጥ በዘንግ አሳ ማጥመድ የሚወድ ሰው እግሩ የሚያመራው ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለው ደግሞ «ምን ላምጣልህ?» ሲባል መልሱ ሪል ነው፤ ዘንጉ ላይ የሚታሰረው የክር መጠቅለያ ማለት ነው። ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ካርቶኑ ላይ «ክር አይተበትብም» ተብሎ የተጻፈበት ቤይትካስቲንግ ሪል እውነት ነው ወይስ የነጋዴ ወሬ?

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው። ጨርሶ የማይተበተብ ቤይትካስቲንግ ሪል የለም። ትብትቡን በጣም የሚቀንስ ግን አለ። ገንዘብ ይገባዋል ወይ የሚለው የሚወሰነው በምትወረውሩት ነገር ክብደትና አውራ ጣታችሁን ለማስለመድ ባላችሁ ትዕግሥት ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚተበተብ እንይ። በተለመደው ስፒኒንግ ሪል ላይ ስትወረውሩ ክሩ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ አይዞርም፤ ክሩ ከጫፉ እየተፈታ ይወጣል። ቤይትካስቲንግ ላይ ግን ማጠንጠኛው ራሱ ይሽከረከራል። ክሩ ጫፍ ላይ የታሰረው ማባበያ (አሳውን የሚያታልለው የውሸት ምግብ) ክሩን ይጎትታል፣ ክሩ ማጠንጠኛውን ያዞራል። ማባበያው አየር ላይ ሲደክም ወይም ውሃ ሲነካ ክሩን መጎተት ያቆማል። ማጠንጠኛው ግን በያዘው ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። መውጫ ያጣው ክር እዚያው ሪሉ ውስጥ ይቆለላል። አለቀ፣ ተተበተበ ማለት ነው።

«አይተበተብም» የሚባሉት ሪሎች የሚያደርጉት ማጠንጠኛውን በፍሬን መያዝ ነው። ፍሬኑ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው በሽክርክሪት ጉልበት ይሠራል። ማጠንጠኛው ሲፈጥን ትንንሽ የፍሬን ጫማዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ይፋተጋሉ። ሁለተኛው በማግኔት ነው። ማግኔቱ የአሉሚኒየሙን ማጠንጠኛ ሳይነካው ያዘገየዋል። ማስተካከያው ከውጭ ስለሆነ ሪሉን ሳትከፍቱ ማጥበቅና ማላላት ትችላላችሁ። ሦስተኛው የጃፓኑ ሪል አምራች ሺማኖ ዲሲ (ዲጂታል ኮንትሮል) ብሎ የሚሸጠው ነው። ትንሽ ኮምፒውተር የማጠንጠኛውን ፍጥነት እየተከታተለ ፍሬን ይይዛል። ባትሪ የለውም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ከሚዞረው ማጠንጠኛ ነው። ሲወረወር የሚያሰማው የሲሲታ ድምፅ ሰውን ያስደንቃል፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ዲሲው ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። በተለይ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ልዩነቱ ይታያል። ግን ለእኛ አልመክረውም። ማግኔት ያለውን ሪል በካቻቪቴ ከፍታችሁ ታጸዱታላችሁ፣ ኩሽኔታውን ዘይት ታደርጉለታላችሁ፣ ይሠራል። የዲሲው ኤሌክትሮኒክስ ከተበላሸ ግን ጎንደር ላይ ማን ይነካዋል? መልሳችሁ ዘመድ ጋር መደወል ነው።

አሁን ወደ ጣና እንምጣ፤ ውሳኔውን የሚቀይረው እሱ ነው። ቀረሶ በአብዛኛው አልጌ የሚበላ አሳ ስለሆነ በሰው ሠራሽ ማባበያ ብዙም አይታለልም። እሱን ለመያዝ ትንሽ መንጠቆና ቀላል ክር ይበቃል። ለዚህ ቤይትካስቲንግ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ከ7 ግራም በታች የሆነ ነገር የተለመደውን ቤይትካስቲንግ ማጠንጠኛ በደንብ የማዞር ጉልበት የለውም፤ ፍሬኑ የፈለገውን ያህል ዘመናዊ ይሁን። አምባዛ ሌላ ነው። ከባድ እርሳስና ትልቅ ማጥመጃ ይፈልጋል፤ ሲያዝም ይታገላል። ነጭ አሳ ከምንላቸው የጣና ዝርያዎች ውስጥም ሌላ አሳ አድነው የሚበሉ አሉ። እነሱ የብረት ማንኪያ የመሰለ ማባበያ ሲያዩ አይምሩም። እምቦጭ የወረረው የሰሜኑ ዳርቻ ላይ ደግሞ ማባበያው አረሙ ውስጥ ሲጠመድ በጉልበት የሚጎትት ሪል ያስፈልጋል። ቤይትካስቲንግ ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። አንድ ሪል ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስፒኒንግ ግዙ። ስፒኒንግ አላችሁ፣ ከ10 ግራም በላይ ደጋግማችሁ ትወረውራላችሁ፣ የአምባዛ ነገርም አይለቃችሁም? ያን ጊዜ ማግኔት ፍሬን ያለው መካከለኛ ዋጋ ቤይትካስቲንግ ያዋጣል።

ዘመዳችሁ ከመግዛቱ በፊት ሁለት ነገር ንገሩት። አንደኛ፣ የቤይትካስቲንግ መዘውር እንደ ስፒኒንግ ከግራ ወደ ቀኝ አይዛወርም። የቀኝ ከሆነ የቀኝ ነው፣ የግራ ከሆነ የግራ። በየትኛው እጃችሁ እንደምታዞሩ ቀድማችሁ ወስኑ። ሁለተኛ፣ ዘንጉም የራሱ ነው። ሪሉ ከላይ ነው የሚቀመጠው፣ ቀለበቶቹም ወደ ላይ ይሆናሉ፣ መያዣው ላይ የጣት ማስደገፊያ አለው። የስፒኒንግ ዘንግ ላይ አስሬ እሠራበታለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ።

እንዴት ይስተካከላል?

ክሩን ሙሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ 0.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ናይለን ይሻላል። የተገመደው ክር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከተተበተበ መፍታቱ ያስለቅሳል። ማጠንጠኛውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከከንፈሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል።

ከዚያ ለልምምድ የሚሆን ክብደት እሰሩ። ከጋራዥ 15 ግራም ገደማ የሚመዝን ዳዶ ካገኛችሁ በቂ ነው። መንጠቆ የለውም፣ ማንንም አይወጋም። ሰው የሌለበት የኳስ ሜዳ ፈልጉና ጠዋት ውጡ፤ ነፋሱ ሳይነሳ።

ቀጥሎ የማጠንጠኛውን ማጥበቂያ አስተካክሉ። ይህ ከመዘውሩ አጠገብ ያለችው ትንሿ ክብ ማዞሪያ ናት፤ ፍሬኑ አይደለችም፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ዘንጉን ወደ ላይ ዘንበል አድርጋችሁ ያዙ። ዳዶው ከዘንጉ ጫፍ ይንጠልጠል። የመልቀቂያውን ቁልፍ ተጫኑ። ዳዶው ቀስ እያለ መውረድ አለበት። መሬት ሲነካ ማጠንጠኛው ወዲያው ከቆመ ተስተካክሏል። መዞሩን ከቀጠለ ጠበቅ አድርጉ፤ ጨርሶ ካልወረደ አላሉ። ማባበያ በቀየራችሁ ቁጥር ይህን ትደግማላችሁ። ሪሉ ውድ ቢሆንም ይህ አይቀርም። ብዙ «ሪሉ አይረባም» የሚል ወቀሳ መነሻው ይህችን ማዞሪያ አለመንካት ነው።

አሁን ፍሬኑ። ቁጥሩ እስከ 10 ከሆነ በ8 ወይም በ9 ጀምሩ። ውርወራው አጭር ይሆናል፣ ይሁን።

ስትወረውሩ ጉልበት አታብዙ። ዘንጉን ወደ ኋላ ወስዳችሁ በአንድ ለስላሳ እንቅስቃሴ ወደ ፊት አምጡት። ድንገት መንቀል ማጠንጠኛውን ከማባበያው በላይ ያፈጥነዋል። አውራ ጣታችሁ ማጠንጠኛው ላይ ይቀመጥ። ስትለቁት ሙሉ በሙሉ አታንሱት፤ ክሩን እንደ መዳበስ ያህል ይንካው። ዳዶው መሬት ሊነካ ሲል ጫን አድርጋችሁ አቁሙት። ይህን የመጨረሻውን ነገር ማንም ፍሬን በአስተማማኝ ሁኔታ አይሠራላችሁም። የሊማሊሞን ቁልቁለት ፍሬን ረግጦ ብቻ የሚወርድ ሾፌር የለም፤ ማርሽ ይይዛል። አውራ ጣታችሁ ማርሹ ነው።

እጃችሁ ሲለምድ ፍሬኑን አንድ አንድ ቁጥር ቀንሱ። በተተበተበ ቁጥር መቼ እንደተተበተበ ልብ በሉ። ገና ከእጃችሁ ሲወጣ ከሆነ ወይ በኃይል ወርውራችኋል ወይ ፍሬኑ ላልቷል። መጨረሻው ላይ ከሆነ አውራ ጣታችሁ ዘግይቷል። ነፋስ ፊት ለፊት ከመጣ ፍሬኑን ሁለት ቁጥር ጨምሩ፣ አወራወራችሁንም ዝቅ አድርጉ። ጎርጎራ ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ይህ ይጠቅማችኋል።

አንድ ብልሃት ልጨምር። የምትወረውሩትን ያህል ክር አውጡና ትንሽ ዘለግ አድርጉት። ከዚያ ማጠንጠኛው ላይ በቀረው ክር ዙሪያ ስኮች ለጥፉና ያወጣችሁትን መልሳችሁ ጠቅልሉበት። ትብትቡ ከስኮቹ በታች አይገባም። በሁለት ደቂቃ የሚሠራ ነገር ሆኖ የስንት ሜትር ክር ያድናል።

ጣና ላይ ስትወጡ ፈቃድንና የተከለከለ ቦታን በተመለከተ ከወረዳው የአሳ ሀብት ባለሙያ ጠይቁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የመገጭ፣ የድርማ፣ የርብና የጉማራ አፎችን ተዉአቸው። ነጭ አሳው ለመራባት ወደ ወንዞቹ የሚወጣው በዚያ ወቅት ነው፤ እዚያ ተሰብስቦ ሳለ በመረብ መታፈሱ ቁጥሩን ክፉኛ አመናምኖታል።

ከተተበተበስ? ቢላ አታውጡ፣ ክሩንም በደፈናው አትጎትቱ። አውራ ጣታችሁን ማጠንጠኛው ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑና መዘውሩን ጥቂት ዙር አዙሩ። መልቀቂያውን ተጫኑ፣ ክሩን በቀስታ ሳቡ። ሲይዛችሁ ደግማችሁ አዙሩ። ቀላሉ ትብትብ በዚህ ይፈታል። ከተፈታ በኋላ ክሩን በጣቶቻችሁ መሐል እያሳለፋችሁ ፈትሹ። የተሰበረ ወይም የነጣ ቦታ ካገኛችሁ እስከዚያ ድረስ ቆርጣችሁ አዲስ ቋጠሮ ሥሩ፤ አምባዛ ክሩን የሚበጥሰው እዚያች ቦታ ላይ ነው።