ነፍሰ ጡሯ እህቴ፣ ቶሎ ብቅ በይ

ቢቸና አካባቢ አዋላጅ ነርስ ነኝ። የወር አበባሽ ከቀረ ሆድሽ እስኪገፋ አትጠብቂ፤ 12 ሳምንት ሳይሞላሽ ነይ። ክትትሉ 8 ጊዜ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው።

ደም ማነስ እንዳይዝሽ የምንሰጥሽን የአይረን ክኒን ብዙዎች ይተዉታል። «ሰገራዬ ጠቆረ» ብለው ይደነግጣሉ። ከክኒኑ ነው፣ አይዞሽ። ከቡና ጋር ግን አትዋጪው፤ ቡና አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። በረካው ከተጠጣ በኋላ 2 ሰዓት ቆዪ። (እኛ ጋ ቡና ተዪ ማለት አይሞከርም!) ካቅለሸለሸሽ ማታ ስትተኚ ዋጪው።

ደም ከፈሰሰሽ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ከያዘሽ፣ ዓይንሽ ብዥ ካለ፣ ፊትሽ ካበጠ ወይም ፅንሱ መንቀሳቀስ ከቀነሰ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ወዲያው ነይ።

ቤትሽ ቆላ ከሆነ ቀንሽ ሲቃረብ እናቶች ማቆያ ግቢ። በክረምት ወንዝ ከሞላ አምቡላንስ አይደርስልሽም።