የአይጥ ቆሽት ማሳረር

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «የአይጥ ቆሽት ማሳረር» እላለሁ። ሰው ይስቃል። እኔ ግን እውነቴን ነው፤ የቆሽት ብግነት የሚጠናው እንዲህ ነው።

አይጧን ከሚያሳምመው መርፌ በፊት ጥያቄያችሁን ለዩ። ቀለል ያለ፣ በራሱ የሚድን ብግነት ከሆነ ሴሩሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ይበቃል። ከባዱን፣ ቆሽት የሚሞትበትን ለማየት ኤል-አርጂኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ አለ። የሐሞት ጨው በቆሽት ቱቦ ወደ ኋላ የሚገፋበት መንገድም አለ፤ ቀዶ ጥገና ስለሚጠይቅ ለጀማሪ አልመክርም።

ሴሩሊን መጀመሪያ የተገኘው ከአውስትራሊያ የዛፍ እንቁራሪት ቆዳ ነው። ቆሽትን «ኢንዛይም አውጣ» የሚለውን ሆርሞን ይመስላል። ሲበዛበት ኢንዛይሙ እዚያው ሴሉ ውስጥ ይነቃና ቆሽት ራሱን መብላት ይጀምራል።

የሥነ ምግባር ፈቃዱና የሕመም ማስታገሻው ዕቅድ ቀድሞ ይለቅ። አይጦቹን ማታ ከምግብ አቁሙ፤ ውሃ ግን አትከልክሉ። ጠዋት አንድ በአንድ መዝኑ። መጠኑ በኪሎ 50 ማይክሮግራም ነው፤ ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በየሰዓቱ፣ 7 ጊዜ። በሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም ካዘጋጃችሁ፣ 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 0.125 ሚሊሊትር ይደርሳታል። ማነጻጸሪያ የሆኑት አይጦች በዚያው ሰዓት ሳላይን (የጨው ውሃ) ይወጉ። ግራና ቀኙን አፈራርቁ፤ አንድ ቦታ 7 ጊዜ መውጋት ግፍ ነው።

ከመጨረሻው መርፌ አንድ ሰዓት በኋላ ቆሽቱ ይወጣል። ጉዱ እዚህ ነው። የአይጥ ቆሽት እንደ ሰው ወጥ አይደለም፤ እንደ ሞራ ተበትኖ ነው የሚገኘው። ቆሽቱ ከጣፊያው ጋር ተያይዟል፤ ጣፊያውን በፒንሴት (በመቆንጠጫ) ያዙና ተከተሉት። ከሞራ ጋር ከተምታታባችሁ ሳላይን ውስጥ ጣሉት። ሞራው ይንሳፈፋል፣ ቆሽቱ ይሰምጣል።

መጀመሪያ ሰሞን ቆሽቱን ሚዛን ላይ ትቼ ብልቃጥ ላይ ቁጥር ስጽፍ ቆየሁ። በማይክሮስኮፕ ሳየው ሳላይን የተወጋችው ሳትቀር ታማ ቁጭ! በሽታ አልነበረም፤ ሳዘገይ በራሱ ኢንዛይም ሟሙቶ ነው። አሁን ሥጋው እንዳይሟሟ የሚያቆየው ፎርማሊን ተቀድቶ ቁጥሩ ካልተጻፈ መቀስ አላነሳም።

ከደሙ አሚሌዝን፣ ቆሽት ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈሰውን ኢንዛይም፣ ለኩ። ከቆሽቱ ቁራጭ መዝናችሁ አድርቁና ደግማችሁ መዝኑ፤ የጎደለው ውሃው ነው፣ እብጠቱን ይነግራችኋል።

በአርጂኒን ከሆነ አትቸኩሉ። ጉዳቱ የሚጎላው በ3ኛው ቀን ገደማ ነው፤ አሚሌዙ ግን ያኔ ወርዶ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ደሙን ብቻ ያየ ሰው «ድናለች» ብሎ ይጽፋል፤ ቆሽቱ ግን አልቋል።