የፊልም መክፈቻ ከዝገትና ከድሮ ፎቶ

የፊልም መክፈቻ፣ ማለትም የሠሪዎቹ ስም የሚታይበትን የፊልሙን መጀመሪያ፣ ስሠራ ኮምፒውተሩን ከመክፈቴ በፊት ስክሪፕቱን አነባለሁ። የምፈልገው የፊልሙን ሐሳብ የሚይዝ አንድ ቃል ብቻ ነው። ባለፈው የሠራሁት ፊልም ስለ መርሳት ነበር፤ ስለዚህ የዛገ ቆርቆሮ፣ የተላጠ ቀለምና ውሃ የነካው ወረቀት ሰበሰብኩ። ቆንጆ ስለሆነ ብቻ የገባ ቴክስቸር (የዕቃ ገጽ ምስል) ቶሎ ያስታውቃል።

ቆርቆሮውን በጎን ብርሃን አንሱት። ፊት ለፊት ካበራችሁበት ሸካራነቱ ይጠፋል። የድሮው ፎቶ ግን ስካን ቢደረግ ይሻላል፤ ትንሽ ከሆነ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ምክንያቱም በኋላ እስከ ዓይኑ ድረስ ትጠጋላችሁ። አቧራውን አትጥረጉ! እኔ አንዴ ሙልጭ አድርጌ ባጸዳው ትናንት የተነሳ ፎቶ መሰለ።

ከዚያ ፎቶውን ከታች፣ ዝገቱን ከላይ አድርጋችሁ በመልቲፕላይ ሞድ (ምስሎችን አጨልሞ በሚደራርበው የማዋሃጃ ዘዴ) አዋህዱ። የዝገቱ ነጣ ያለው ክፍል ይጠፋል፣ ጠቆር ያለው ፎቶው ላይ ይቀራል። ዝገቱን በየ4 ፍሬሙ (በየ4 ነጠላ ምስሉ) ትንሽ አንቀሳቅሱት፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ 6 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ነፍስ ይዘራል። ፎቶውን ግን በዝግታ ብቻ አቅርቡት።

ስሞቹ ጸጥ ባለው የምስሉ ክፍል ይቀመጡ። ድምፅ አውጥታችሁ ሁለቴ አንብቧቸው፤ ያን ያህል ጊዜ ስክሪኑ ላይ ይቆዩ። የዳይሬክተሩን ስም መጨረሻ ላይ ያመጣሁት፣ የፎቶው ፊት ሙሉ በሙሉ በዝገት ሲሸፈን ነው።