ነጥብና ሴቲንግ የሚረሳ የድሮ ፒንቦል ማሽን፦ ችግሩና መፍትሄው

ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል

ነጥብና ሴቲንግ የሚይዘውን ራም (ሚሞሪ) ቺፕ ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን እዩ። የ1990ዎቹ የዊሊያምስ ማሽኖች ዋና ቦርድ ላይ ሦስት ድብል ኤ ድንጋዮች አሉ፤ ማሽኑ ሲጠፋ ለራሙ ኃይል የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ማሽኑን አጥፉና በመልቲሜትር የራሙን የኃይል እግር ለኩ፤ በ6264 ቺፕ 28ኛው፣ በቀደመው 5101 ደግሞ 22ኛው እግር ነው። 4 ቮልት አካባቢ ካነበበ ባትሪው ደህና ነው፤ ቺፑን ወይም የተሰካበትን ሶኬት ጠርጥሩ። ድንጋዮቹ 4.5 እያሳዩ እግሩ ላይ ምንም ከሌለ የመያዣው ጫፎች ዝገዋል፣ አለዚያም መሀል ያለው ዳዮድ (ኃይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው) ተቃጥሏል። ይህ ዳዮድ የማሽኑ 5 ቮልት ወደ ድንጋዮቹ እንዳይገባ ይከለክላል። በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካነበበ ሾርት አድርጓል፤ ድንጋዮቹ ቻርጅ እየተደረጉ ይግላሉ፣ ይፈሳሉም።

ሴቲንግ አልቀየርም ይላል

በድሮዎቹ ዊሊያምሶች የሳንቲም በሩ ሲዘጋ ሚሞሪው ይቆለፋል። በሩን ከፍታችሁ ሞክሩ፤ እንቢ ካለ የበሩን ስዊች ፈትሹ።

ጨርሶ አይነሳም

ባሊ በተባለው ሌላ አምራች የ1970ዎቹ መጨረሻ ቦርዶች ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ሲነሳ ሰባት ጊዜ ብልጭ ማለት አለባት። ሁለት ብላ ከቆመች 5101 ራሙ ወይም ሶኬቱ ነው። ሳትብለጨለጭ በርታ ከቀረች ግን ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ቦርዱ ላይ የተበየደው ባለ 3.6 ቮልት ባትሪ ነው፤ ከባትሪው የወጣው ፈሳሽ ቦርዱን የሚያስነሳውን የሪሴት ክፍል በልቶታል።

ፈሳሹን ማጽዳት

ባትሪውን ነቅላችሁ ጣሉ። አረንጓዴ የሆነውን መስመር እስከ ደማቁ መዳብ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ በዝገት ላይ ብየዳ አይዝም። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ በጥርስ ብሩሽ እሹት። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ አቼቶው ያከሽፈዋል፤ አቼቶው ራሱ ከቀረ ግን መዳቡን ይበላል፣ ስለዚህ በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ በአልኮል ጨርሱ፣ በደንብ አድርቁ። የነካቸውን ሶኬቶች ቀይሩ፤ እነሱን ማጽዳት ድካም ብቻ ነው።

እንዳይደገም

የባትሪ መያዣውን በሽቦ ከቦርዱ በታች አውርዱት። በባሊ ላይ ቻርጅ የማይደረጉ ድንጋዮች ከገቡ በፖዘቲቩ ሽቦ ላይ ዳዮድ ግድ ነው፤ ቦርዱ ቻርጅ ያደርጋቸዋልና። ከሁሉ የሚሻለው ባትሪ የማይፈልግ ኤንቪራም ቺፕ ነው፤ ሰዓት ያላቸው የ1990ዎቹ ማሽኖች ግን ያለ ባትሪ ሰዓታቸውን አይዙም።